ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጠው ልጅ የትኛው ነው?



ከጥቂት ሳምንታት በፊት የእሑድ ጉባኤ ካበቃ በኋላ ከዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጠን ስንጨዋወት ከዝቋላ የመጣ አንድ ወንድማችን ጥያቄ አነሣ። ዝቋላ ስል ከመካከላችሁ አንዳንዱ ወዲያው በሸዋ ያለውን የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ተራራ ያስብ ይሆናል። እኔ የምናገረው ግን ስለኛው ዝቋላ፣ ከሰቆጣ ወደ ተከዜ ቆላ ሲወረድ ጽፅቃ ስላለችበት አገር ነው። ጥያቄውም ይህ ነበረ።

«እኛ ቤት ሦስት ወንዶች ነን። ታላቄ ሞፈርና ቀንበር ይዟል። ሁለተኛው ፍየሎቹን ይዟል። እኔስ ምን ልሁን ሲባል ‹እሱ ይማርና ዲያቆን ይሁን› ተባለ። እንግዲህ እኔ ለእግዚአብሔር የተሰጠሁ ነኝ ወይስ ከቤት የተረፍሁ?»

አንዳንዶቻችን ሳቅን። እርሱ ግን አልሳቀም፤ መምህራችንም አልሳቁም። ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ «ይህ የድኃ ልጅ ጥያቄ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የነገሥታት ልጆችንም ሲያስጨንቅ የኖረ ነገር ነው። ታሪኩን ፈልጋችሁ ለመጽሔታችን ጻፉ» አሉን። ዕጣው በእኔ ላይ ወደቀ። ያገኘሁትን እነሆ አቀርባለሁ። ዓመታቱን በሚመለከት፣ ለይቼ «በእኛ አቆጣጠር» ካላልሁ በስተቀር ሁሉም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን እንድትገነዘቡልኝ አሳስባለሁ።

በመጽሐፍ የምናገኘው

ነገሩን ከመጽሐፍ ቅዱስ ብንጀምር የምናገኘው ከጠበቅነው የተለየ ነው። በኦሪት ለእግዚአብሔር የተለየው በኵሩ ነው። እስራኤል ከግብፅ ከወጡበት ጊዜ ጀምሮ ከሰውም ከእንስሳም በመጀመሪያ የተወለደው ወንድ የእግዚአብሔር ሆነ፤ ሌዋውያንም ለመቅደስ አገልግሎት የተወሰዱት በእስራኤል በኵሮች ፈንታ እንደሆነ ኦሪት ዘኍልቍ ይናገራል። ሐና በእንባ ለምና ያገኘችውን ሳሙኤልን ወደ ሴሎ ስትወስደው በቤቷ ሌላ ልጅ አልነበራትም። ሌሎቹን ወልዳ፣ ከእነርሱ መካከል ለሥራ የማይጠቅማትን እስክትመርጥ አልቆየችም።

የእሴይ የመጨረሻ ልጅ ዳዊት ደግሞ አለ። ነቢዩ ሳሙኤል ልጆቹን አንድ በአንድ ሲያይ ዳዊት በግ ሲጠብቅ በዱር ነበረ፤ አባቱም ነቢዩ «ሌላ የለህምን?» ብሎ እስኪጠይቀው ድረስ አላነሣውም። ነገር ግን ለተረሳው ለታናሹ የተሰጠው ዘውድ ነው፤ ክህነት አይደለም። በኦሪት ሁለቱ የተለያዩ ናቸው፤ መንግሥት ለይሁዳ፣ ክህነት ለሌዊ ነው። ንጉሡ ዖዝያን ጥናውን ይዞ ሊያጥን ወደ መቅደስ በገባ ጊዜ በግንባሩ ላይ ለምጽ እንደወጣበት እናውቃለን። ሁለቱን አንድ አድርጎ የያዘው ከሌዊ በፊት የነበረው የሳሌም ንጉሥ መልከ ጼዴቅ ነው። ይህን እዚህ ላይ ያነሣሁት ወደ ላስታ ነገሥታት ስንደርስ ስለሚያስፈልገን ነው።

በስንክሳርም የነገሥታት ልጆች አሉ። ጥቅምት 14 ቀን የሚታሰበውን መርዓዊ ገብረ ክርስቶስን ሁላችን እናውቀዋለን፤ የቍስጥንጥንያ ንጉሥ ልጅ ሲሆን በሠርጉ ሌሊት ቤቱን ጥሎ ወጣ። መክሲሞስና ዱማቴዎስም ጥር 17 ቀን የሚታሰቡ የሮም ንጉሥ ልጆች ናቸው፤ በግብፅ በአስቄጥስ በረሃ በአባ መቃርስ ዘመን መነኰሱ። እስከ ዛሬ በዚያ የሚገኘው ደብረ በራሙስ ስሙን ያገኘው ከእነዚህ ከሁለቱ «ሮማውያን» እንደሆነ ይተረካል። ልብ በሉ፤ እነዚህ ሁሉ ማንም አልሰጣቸውም፤ እንዲያውም አባቶቻቸው ሲፈልጓቸው ኖሩ። ታሪክ የሚያሳየን የነገሥታት ቤት ልማድ ግን በብዛት ከዚህ የተለየ ነው።

በሌላው አገር እንዴት ነበረ?

በመካከለኛው ዘመን በምዕራብ አውሮፓ ርስት እንዳይከፋፈል ሲባል መሬቱና ሹመቱ ለበኵር ልጅ የሚተላለፍበት ልማድ እየጸና ሄደ። እንግዲያው ሁለተኛውና ሦስተኛው ልጅ ወዴት ይሂድ? ወይ በሰይፉ ይደር ወይ ቤተ ክርስቲያን ይግባ ተባለ። በዚያን ጊዜ ጳጳስ ማለት ጸሎት መሪ ብቻ አልነበረም፤ ሰፊ መሬት፣ ገባርና ወታደር ያለው ትልቅ መኰንን ጭምር ነበረ። በሕግም ሚስት ስለማያገባ ወንበሩን የሚወርስ ልጅ አይኖረውም። ስለዚህ ንጉሥ የጳጳስነቱን ወንበር ለወንድሙ ቢሰጥ ወንድሙን አከበረ፤ ተቀናቃኝ ዘር ግን አልተከለም። ይህ ብልሃት ነው፤ መንፈሳዊ ነገር ግን ብዙም አይታይበትም።

የጀርመኑ ንጉሥ ቀዳማዊ ሄንሪክ ታናሽ ልጁን ብሩኖን ገና በአራት ዓመቱ ለዩትሬክት ጳጳስ ለትምህርት ሰጠው። ታላቅ ወንድሙ ኦቶ ከነገሠ በኋላ ብሩኖ በ953 የኮሎኝ ሊቀ ጳጳስ ሆነ፤ በዚያው ዓመት የሎሬይን መስፍንነት ተጨመረለት። ፍትሐዊነት እንዲኖረን ያህል፣ ብሩኖ ትምህርት የሚወድ ጥሩ ሰው እንደነበረ ይመሰክሩለታል። በእንግሊዝ ደግሞ የዊንቸስተሩ ጳጳስ ሄንሪክ በ1135 ወንድሙ እስጢፋኖስ ዘውዱን እንዲይዝ ዋናውን ሥራ የሠራ ሰው ነው።

በቍስጥንጥንያም ነገሩ ያው ነበረ። ንጉሥ ሮማኖስ ልጁን ቴዎፍላክቶስን በ933 ፓትርያርክ አደረገው፤ ልጁ የ16 ዓመት ወጣት ነበረ። እስቲ ከመካከላችን የ16 ዓመት ልጅ የሆነው ሁሉ ራሱን በዚያ ወንበር ላይ አስቀምጦ ይመልከት። ቴዎፍላክቶስ የሚወደው ፈረስ ነበረ። ሁለት ሺህ ያህል ፈረሶች እንደነበሩትና የሚመግባቸውም ለውዝ፣ ቴምርና ወይን እየቀላቀለ እንደነበረ ታሪክ ጸሓፊዎች ጽፈውበታል። በጸሎተ ሐሙስ ሲቀድስ ሳለ የሚወዳት ፈረስ ወለደች ብለው በጆሮው ቢነግሩት ቅዳሴውን አቻኵሎ ጨርሶ ወደ ጋጣ ሮጠ ይላሉ። በ956 የሞተውም ሲጋልብ በደረሰበት ጉዳት ምክንያት ነው። በልጁ ላይ ለመፍረድ እንቸኩላለን፤ እኔ ግን ይበልጥ የማዝነው በአባቱ ላይ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ የአራጎኑ ራሚሮ ታሪክ ነው። አራጎን በእስፓኝ ያለ መንግሥት ነበረ። ራሚሮ የንጉሥ ሳንቾ ታናሽ ልጅ ስለሆነ በ1093 በልጅነቱ ለገዳም ተሰጠ፤ መነኰሰም። ሁለቱ ታላላቅ ወንድሞቹ ተራ በተራ ነግሠው ወራሽ ሳይተዉ ሞቱ። በ1134 መኳንንቱ መነኵሴውን ከገዳም አውጥተው አነገሡት፤ ዘር ያስፈልጋልና ሚስት አጋቡት። በ1136 ሴት ልጅ ተወለደች። በሚቀጥለው ዓመት ሕፃኒቱን ለባርሴሎናው መስፍን አጭቶ የመንግሥቱን ሥራ ለእርሱ አስረከበና ተመልሶ ገዳም ገባ፤ እዚያው በ1157 ሞተ። ሲያስገቡት አልጠየቁትም፤ ሲያወጡትም አልጠየቁትም። በራሱ ፈቃድ ያደረገው መመለሱን ብቻ ይመስላል።

ከዚህ ሁሉ የሚለየው የሰርቢያው ሳቫ ነው። የንጉሡ የስምዖን ኔማንያ የመጨረሻ ልጅ ሲሆን አባቱ አገር ከፍሎ ሰጥቶት ሳለ እርሱ ከመነኰሳት ጋራ ወደ አቶስ ተራራ ኰበለለ። ኋላ አባቱ ራሱ ዘውዱን ትቶ ልጁን ተከትሎ መነኰሰ። ሳቫ የተጣሉትን ሁለት ታላላቅ ወንድሞቹን አስታረቀ፤ በ1219 የሰርቢያ ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያው ሊቀ ጳጳስ ሆነ። ይህም በእኛ አገር ቅዱስ ላሊበላ በነገሠበት ዘመን መሆኑ ነው።

በእኛ አገር የጳጳሱ ወንበር የተያዘ ነበረ

እንግዲህ ወደ ላስታና ወደ ዋግ እንመለስ። የእኛ ነገሥታት ለምን ታናናሽ ልጆቻቸውን ጳጳስ አላደረጉም? መልሱ አጭር ነው፤ ወንበሩ በእጃቸው አልነበረም። ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ጀምሮ ለኢትዮጵያ ጳጳስ የሚሾመው የእስክንድርያው ፓትርያርክ ነው፤ ከዚያም በኋላ የሚመጣው ግብፃዊ መነኵሴ ነበረ። በኒቅያ ጉባኤ ስም የሚጠራ፣ ነገር ግን ጉባኤው ራሱ ያልወሰነው አንድ ቀኖና ኢትዮጵያውያን ከራሳቸው ሊቃውንት ጳጳስ እንዳይሾሙ ይከለክል ነበረ። ይህ የተፈታው በዘመናችን ነው ማለት ይቻላል፤ አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ የሆኑት በእኛ አቆጣጠር በ1943 ዓ.ም.፣ ፓትርያርክ የሆኑት ደግሞ በ1951 ዓ.ም. ነው።

የዛጉዌ ነገሥታት ይህን ማሰሪያ ለማላላት ሞክረው ነበረ። በእስክንድርያ አባቶች ታሪክ እንደተጻፈው በፓትርያርክ ገብርኤል ዘመን፣ ይኸውም ከ1131 እስከ 1145 ባለው ጊዜ፣ የኢትዮጵያ ንጉሥ ከተፈቀዱት ከሰባት የበለጡ ኤጲስ ቆጶሳት እንዲሾሙለት ጠየቀ። ብዙዎች ይህ ንጉሥ የላሊበላ ወንድም ሐርቤ ነው ይላሉ። ፓትርያርኩ ግን አልተቀበሉም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቍጥራቸው አሥር ከሞላ ተሰብስበው የራሳቸውን ሊቀ ጳጳስ ይሾማሉ ተብሎ ተፈራ።

ከዚያ በኋላ በላሊበላ ዘመን የሆነው ደግሞ ከጉዳያችን ጋራ በቀጥታ የሚገናኝ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ እንቆይበት። በ13ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሚካኤል የሚባል ጳጳስ ከግብፅ መጣ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ግብፅ ተመልሶ ለፓትርያርኩ አቤቱታ አቀረበ። እንደ እርሱ አነጋገር ንግሥቲቱ መስቀል ክብራ ወንድሟን ኤጲስ ቆጶስ አድርገህ ሹምልኝ ብላ ግድ አለችው፤ እርሱም ሾመው። የንግሥቲቱ ወንድም ከተሾመ በኋላ ሥልጣኑን ሁሉ እየወሰደበት ሄደ፤ በመጨረሻም ሕይወቱን ፈርቶ ሸሸ። ፓትርያርኩ ነገሩን ለማጣራት ሰው ወደ ንጉሡ ላኩ። ከኢትዮጵያ የመጣው መልስ ሌላ ሆነ፤ ጳጳሱ የሄደው ከአክሱም ቤተ ክርስቲያን የወርቅ በትር ጠፋ ተብሎ በተከሰሰ ዕቃ ጠባቂ ሞት ስለሚጠየቅ ነው ተባለ። ሚካኤል ተሻረ፤ በእርሱ ፈንታ ይስሐቅ የሚባል ጳጳስ ተላከ።

ማን እውነት ተናገረ? እኔ ለመፍረድ አልችልም። መስቀል ክብራን ቤተ ክርስቲያናችን በቅድስና የምታስባት ናት፤ አቤት ባዩም ራሱን ለማዳን የሚናገር ሰው ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ይታያል። የንጉሥ ቤተ ዘመድ በኤጲስ ቆጶስነት ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ወዲያው ወንበሩ የቤተ መንግሥት ጠብ ሆነ።

ከዙፋን ሸሽተው ካህን የሆኑት

ወንበሩ የተያዘ ቢሆንም ቅስናና ዲቁና ለማንም ክፍት ነበረ። የዛጉዌ ቤት ታሪክ ደግሞ የሚገርም ነው። ዙፋኑ ከአባት ወደ ልጅ ብቻ ሳይሆን ወደ ወንድምና ወደ ወንድም ልጅም ይሄድ ስለነበረ፣ በቤቱ ውስጥ የተወለደ ወንድ ሁሉ ለነገሠው ሰው ሥጋት ነበረ። ገድሎቹ የተጻፉት ከነገሥታቱ ዘመን ከብዙ ጊዜ በኋላ መሆኑን አልዘነጋም፤ የሚተርኩት ግን ይህንኑ ፍርሃት ነው።

ይምርሐነ ክርስቶስ እንደ ገድሉ አነጋገር ገና በልጅነቱ የነገሠው አጎቱ ስለጠላውና ሊያጠፋው ስለፈለገ ሸሽቶ መጻሕፍትን ተማረ፤ ቅስናም ተቀበለ። ማለት ከዙፋን የራቀበት መንገድ ወደ መቅደስ ወሰደው። ኋላ ተፈልጎ ሲነግሥ ግን ክህነቱን አልተወም፤ ንጉሥም ቄስም ሆኖ ቀደሰ። ከላሊበላ በስተሰሜን በአቡነ ዮሴፍ ተራራ አጠገብ በትልቅ ዋሻ ውስጥ የሠራውን ቤተ ክርስቲያን ያየ ሰው አይረሳውም። እንጨትና ድንጋይ ተራ በተራ እየተነባበረ፣ ግድግዳው ነጭና ጥቁር መስሎ፣ በአክሱም ዘመን ጥበብ የታነጸ ነው። ጥቅምት 19 ቀን በዓሉ ሲከበር ከእኛም አገር የሚሄዱ ምእመናን አሉ።

የላሊበላን ታሪክ ሁላችሁ ስለምታውቁት አላስረዝመውም። ሲወለድ ንቦች ከበቡት፤ በአገውኛ የወጣለት ስምም ንብ ጌትነቱን ዐወቀ ማለት ነው ይባላል። ወንድሙ ይህን ሰምቶ ፈራው። እኅቱ መርዝ ሰጠችው፤ የጠጣውን ቀድሞ የቀመሰ ዲያቆን ሞተ። ከዚያ በኋላ በዱር ብቻውን እንደ ባሕታዊ ኖረ፤ ወደ ኢየሩሳሌም ሄደ። ወንድሙ ሐርቤም በፈቃዱ ዙፋኑን ለቀቀለት። ሕይወቱን ስንመለከት ዙፋን ያገኘው ዙፋን መፈለጉን ከተወ በኋላ ነው። ነአኵቶ ለአብም የዚያው የሐርቤ ልጅ ሲሆን ያሳደገው ላሊበላ ነው። ከላሊበላ ከተማ በስተደቡብ ከዋሻ ሥር ያለችው ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውኃ እስከ ዛሬ በድንጋይ ገንዳ ተጠራቅሞ ለጠበል ይታደላል።

ስለ እነዚህ ነገሥታት ከአገር ውጪም ምስክር አለን። በ13ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በግብፅ የጻፈው፣ ቀድሞ አቡ ሳሊሕ ይባል የነበረውና ዛሬ አቡ አልመካሪም በመባል የሚታወቀው ጸሓፊ የኢትዮጵያ ነገሥታት ሁሉ ካህናት ናቸው ይላል። በመቅደስም ይቀድሳሉ፤ ነገር ግን ይህ የሚሆነው ንጉሡ በገዛ እጁ ሰው እስካልገደለ ድረስ ነው። ከገደለ በኋላ መቀደስ አይችልም።

ይህችን ነገር ሳነብ ብዙ አሰብሁ። ከላይ ዖዝያንንና መልከ ጼዴቅን ያነሣሁትም ለዚህ ነው። በኦሪት ንጉሥ እንዳያጥን የተከለከለው በነገዱ ምክንያት ነበረ። በሐዲስ ክህነት በመልከ ጼዴቅ ሥርዓት ስለሆነ የላስታ ንጉሥ በነገዱ አልተከለከለም፤ የሚከለክለው እጁ ላይ ያለው ደም ነው። ዘውድ ደግሞ ያለ ጦርነት ስንት ዓመት ይቀመጣል? ስለዚህ በየቀኑ ከሁለቱ አንዱን ለማጣት የቀረበ ሰው ነበረ ማለት ነው። ቅድስናቸው ቀላል የመሰለው ሰው ይህን ያስብ።

በ1270 ይኵኖ አምላክ ዙፋኑን ያዘ። በስምምነት ነው የሚልም አለ፣ በጦርነት ነው የሚልም አለ። የዛጉዌ ዘር ግን በዋግ ቀረ፤ ዋግሹሞቻችን ከዚያ ወገን እንደሚወለዱ ይናገሩ ነበረ። በንጉሠ ነገሥቱ ፊት በብር ወንበር የመቀመጥ መብት ነበራቸው ይባላል። ከእነርሱ አንዱ ዋግሹም ጎበዜ በ1868 ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነግሠው፣ በ1871 በዓድዋ አጠገብ ተሸንፈው ተያዙ።

አምባ ግሸን

ከይኵኖ አምላክ በኋላ የነገሡት ነገሥታት ለታናናሽ ልጆችና ለወንድሞች ያበጁት ቦታ የጳጳስ ወንበር አይደለም፤ ተራራ ነው። ከ1294 እስከ 1299 የይግባ ጽዮን ልጆች እየተፈራረቁ አንድ አንድ ዓመት ያህል ነገሡ። በዚህ ሁከት ምክንያት የንጉሥ ወንድሞችና ልጆች በአምባሰል በሚገኘው በአምባ ግሸን ላይ እንዲቀመጡ ተደረገ። መስከረም 21 ቀን የምንሳለማት ግሸን ማርያም ያለችበት፣ በመስቀል አምሳል የተሠራ አምባ ይህ ነው። ዙሪያው ገደል ሲሆን በሩን ዘበኛ ይጠብቀዋል። መሳፍንቱም «እስራኤል» ይባሉ ነበረ።

በዚያ የነበሩት ልጆች እንደ መነኰሳት ሆኑ፤ ነገር ግን ማንም አላመነኰሳቸውም። ቀኑን የሚያሳልፉት በጸሎት፣ በዜማና በቅኔ ነበረ። ከእነርሱም ታላላቅ ሊቃውንት ወጡ። ከዳዊት ልጆች ታናሽ የሆነው ዘርዐ ያዕቆብ ከዚያ ወርዶ በ1434 የነገሠ ሲሆን እንደ መጽሐፈ ብርሃን ያሉ መጻሕፍት በስሙ ይታወቃሉ፤ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤም የሰንበትን ክርክር አስማማ። ይሁን እንጂ ይኸው ንጉሥ በኋላ በገዛ ልጆቹ ላይ ሳይቀር እጅግ መረረ። ናዖድም በ1494 ከአምባው ወርዶ ነገሠ፤ መልክአ ማርያምን የደረሰው እርሱ ነው ይባላል። እመቤታችንን ያን ያህል የሚወድ ልብ የተገራው በግዞት ነው ብንል ስሕተት አይሆንም።

ይሁን እንጂ በአምባው ላይ ስንት ያልነገሡ፣ ያልመነኰሱ፣ ስማቸውም ያልተጻፈ ልጆች ኖረው እንዳለፉ እናስብ። ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን በቆየበት ጊዜ ከአምባው ሊያመልጥ ሲሞክር የተያዘ ልዑል እንደነበረ ጽፏል። በ1540 ገደማ የግራኝ አሕመድ ሠራዊት አምባውን ያዘ፤ በዚያም ብዙ ደም ፈሰሰ። ኋላ በጎንደር ዘመን ወኅኒ የሚባል ሌላ አምባ ተተካ። ዛሬ እስር ቤትን «ወኅኒ ቤት» የምንለው ከዚያ ነው ይላሉ። ለልዑላን የተሰጠ ስም ለወንጀለኛ ማደሪያ ሆኖ ቀረ።

ወደ ዝቋላው ወንድማችን

አንድ ነገር ሳልናገር እንዳልቀር። ከላይ እንዳልሁት የአውሮፓው ታናሽ ልጅ ወደ ቤተ ክርስቲያን የተገፋው ርስት ለበኵሩ ስለሚሄድ ነው። በብዙው የአገራችን ደጋ ግን ርስት እንዲህ አልነበረም፤ ወንዱም ሴቱም፣ ታላቁም ታናሹም ከአባትና ከእናት ድርሻውን ይካፈል ነበረ። ይህ ሥርዓት በእኛ አቆጣጠር በ1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ ቀርቷል። ስለዚህ በገበሬው ቤት በሕግ የተረፈ ልጅ የሚባል አልነበረም። ያልተካፈለው ዙፋኑ ብቻ ነው፤ ለዚህም ነው ግሸን ያስፈለገው። የወንድማችን ቤት ጉዳይ የሕግ ጉዳይ ሳይሆን የማሳ ማነስና የበሬ እጥረት ጉዳይ ነው። ሲካፈሉት ሲካፈሉት ያነሰ መሬት ሦስት ወንድ አይችልም። ይህን የማያውቅ የከተማ ሰው በአባቱ ላይ ለመፍረድ ይቸኩላል።

ይህን ጽሑፍ ከማቅረቤ በፊት ለእርሱው አነበብሁለት። ስለ ራሚሮ ሲሰማ ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ስለ ቴዎፍላክቶስ ፈረሶች ሳነብ በዚህ ጊዜ እርሱም ሳቀ። ሲጨርስ ግን ለፋሲካ አገሩ ወርዶ አባቱን ይህንኑ ጥያቄ እንደጠየቃቸው ነገረኝ። አባቱ ማረሻ ሲጠግኑ ነበረ። ቀና ሳይሉ እንዲህ አሉት።

«በሬው አንድ ጥምድ ነው፤ ልጁ ሦስት ነው። ምን ላድርግ ልጄ? ግን ሦስታችሁም ትንንሽ ሳላችሁ ሌሊት ደወል ሲሰማ ሳይቀሰቀስ የሚነሣው አንተ ነበርህ።»

ከሁለቱ ምክንያቶች የትኛው እንደቀደመ አባቱም ለይተው የሚያውቁት አይመስለኝም። እኔም ለወንድማችን የጨመርሁለት ነገር የለም። እርሱ አሁን ጾመ ድጓ ጀምሯል።